ሚስተር ቢን ስንት ክፍል ነው? የእንግሊዝና የአሜሪካ የቴሌቪዥን ቀልድ ለምን ይለያያል?

ሚስተር ቢንን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቡናማ ጃኬቱ፣ ቀይ ከረባቱ፣ አረንጓዴዋ ትንሽ መኪናው፣ ከእጁ የማይለየው የጨርቅ ድቡ ይታወቃሉ። ሰውየው እምብዛም ስለማይናገር እንግሊዝኛ የማይችሉ አያት ከልጅ ልጃቸው እኩል ይስቁበታል። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ያሳቀን ሰው ስንት ክፍል ተሠርቶለታል? ወዳጆቼን ስጠይቅ ከመቶ በታች የገመተ አልገጠመኝም። መልሱ 15 ነው። በኋላ የመጡትን ፊልሞችና የካርቱን ሥራዎች ትተን፣ ሮዋን አትኪንሰን ከ1990 እስከ 1995 የተወነባቸው የቴሌቪዥን ክፍሎች እነዚያው ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በሌላ በኩል፣ ስድስት ጓደኛሞች ኒውዮርክ ውስጥ ቡና እየጠጡ የሚጨዋወቱበት የአሜሪካው “ፍሬንድስ” ከ1994 እስከ 2004 ድረስ 236 ክፍል ወጥቶታል።

በ15 እና በ236 መካከል ያለው ርቀት የሁለቱን አገሮች ቀልድ ከብዙ የባህል ትንታኔ የተሻለ ያስረዳል ባይ ነኝ። “እንግሊዞች ረቂቅ ናቸው፤ አሜሪካኖች ግልጽ ናቸው” የሚለው የተለመደ አባባል ሐሰት ባይሆንም ከላይ ከላይ ነው። ነገሩ እንዲገባን ሳሎኑን ትተን ወደ ማጀት እንግባ።

መጀመሪያ፣ ሲትኮም ምንድን ነው?

ሲትኮም በአንድ ቦታና በጥቂት ገጸ ባሕርያት ዙሪያ የሚሽከረከር፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ተከታታይ ኮሜዲ ነው። ቦታው ሆቴል፣ ቢሮ ወይም የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ሊሆን ይችላል። ሰዎቹ በየሳምንቱ አዲስ ጣጣ ውስጥ ይገባሉ፤ ሲጨርሱ ግን በአብዛኛው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። የአንድ ዙር ስርጭት ምዕራፍ ይባላል፤ የእያንዳንዱ ሳምንት ደግሞ ክፍል። እስከዚህ ድረስ ለንደንና ሎስ አንጀለስ ልዩነት የላቸውም።

ማን ይጽፈዋል? ማንስ ይከፍልበታል?

በእንግሊዝ ልማድ ኮሜዲ የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ ቢበዛ ሁለት። የዚህ ምሳሌ ሆኖ ሁልጊዜ የሚነሣው በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ የቀረበው “ፎልቲ ታወርስ” ነው። በቶርኪ የባሕር ዳርቻ ያለ ሆቴል ባለቤት እንግዶቹን ከማስተናገድ ይልቅ ሲሰድብ የሚውልበት ታሪክ ነው። ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ ሁለቱ ብቻቸውን ጻፉት። በ1975 ስድስት ክፍል፣ በ1979 ሌላ ስድስት፤ አበቃ። የመጀመሪያው ሲተላለፍ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለተኛው ሲተላለፍ ተፋትተዋል። ሥራውን ግን አብረው ጨረሱት። በሁለቱ ምዕራፎች መካከል አራት ዓመት ሲያልፍም ያጣደፋቸው የለም።

በአሜሪካ ግን ትልልቆቹ ጣቢያዎች በለመዱት አሠራር አንድ ሲትኮም በዓመት 22 ወይም 24 ክፍል ማድረስ ነበረበት። ይህ ለሁለት ሰው የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ሥራው ደቦ ነው። አሥር ያህል ጸሐፊዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ቀልድ ይወረውራል፣ ሌላው ያሻሽለዋል፣ ሦስተኛው “አያስቅም” ብሎ ይጥለዋል። እንዲህ ተበጥሮ የሚቀረው ጽሑፍ በየመስመሩ የሚያስቅ ነገር አያጣም። የሚያጣው፣ የሚያጣ ከሆነ፣ የአንድን ሰው ግላዊ እብደት ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡ አለ። የቢቢሲ ዋናው ገቢ የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ነው፤ እንግሊዝ የሚኖር ዘመድ ያለው አንባቢ ስለዚህ ክፍያ ሲማረሩ ሳይሰማ አይቀርም። በሚያዝያ 2025 በዓመት 174.50 ፓውንድ ሆኖ ነበር። በቢቢሲ ፕሮግራም መሐል ማስታወቂያ የለም፤ ግማሽ ሰዓት ማለት ከሞላ ጎደል ግማሽ ሰዓት ነው። በአሜሪካ የንግድ ጣቢያዎች ግን ከግማሽ ሰዓቱ ለቀልዱ የሚቀረው 22 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ቀሪው የመኪናና የመድኃኒት ማስታወቂያ ነው። ተመልካቹ ማስታወቂያ ሲመጣ ጣቢያ እንዳይቀይር ከእረፍቱ በፊት አንድ ነገር ተንጠልጥሎ መቅረት አለበት። ዝምታ፣ ቀስ ብሎ የሚበስል እፍረት፣ ሁለት ሰዎች አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው የሚናገሩት ሲያጡ ማሳየት፣ እነዚህ ሁሉ ጊዜ ይበላሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዳግም ሽያጭ የሚባል ነገር አለ። አንድ የአሜሪካ ሲትኮም ወደ 100 ክፍል ሲጠጋ አምራቹ ለየክፍለ ሀገሩ ጣቢያዎች ይሸጠዋል፤ እነሱም በየቀኑ እየደጋገሙ ያሳዩታል። ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለአሜሪካዊ አምራች 12 ክፍል ሠርቶ ማቆም፣ ላሟ መታለብ ስትጀምር እንደ ማረድ ነው።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። በ1951 የጀመረው “አይ ላቭ ሉሲ” በሦስት ካሜራ፣ በፊልም፣ በተመልካች ፊት ስለተቀረጸ ሳይበላሽ ቀርቶ ለዓመታት ተደጋግሞ ተሸጧል። ቢቢሲ ግን የቪዲዮ ካሴት ውድ ስለነበር በ1960ዎቹና 70ዎቹ የቀረጻቸውን ፕሮግራሞች እየሰረዘ በላያቸው ላይ ሌላ ይቀርጽ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩ የሰፈር ዘብ ጠባቂዎችን የሚያሳየው ተወዳጁ “ዳድስ አርሚ” ሦስት ክፍሎች እንዲህ ጠፍተው እስካሁን አልተገኙም። አንዱ አገር ቀልድን እንደ ርስት ሲያስቀምጥ ሌላው እንደ ትላንት ጋዜጣ ይጥለው ነበር።

አንድ ቢሮ እንዴት ሁለት ሆነ?

ልዩነቱን በአንድ ዓይን ለማየት ከ“ዘ ኦፊስ” የተሻለ ናሙና የለም፤ ያው ሐሳብ በሁለቱም አገሮች ተሠርቷልና።

የእንግሊዙን ሪኪ ጀርቬስና ስቲቨን መርቻንት ጻፉት፤ ከ2001 እስከ 2003 በቢቢሲ ታየ። ስላው በተባለች ከተማ ያለ የወረቀት ሻጭ ድርጅት ነው። አለቃው ዴቪድ ብሬንት ራሱን እንደ ጨዋታ አዋቂና እንደ ሠራተኞቹ ወዳጅ ይቆጥራል። በእውነቱ ግን ማንም አይወደውም፤ ቀልዱም አያስቅም፤ እሱ ብቻ ይህን አያውቅም። ሲያዩት የሚሰማውን አማርኛችን በአንድ ቃል ይገልጸዋል፦ “አፈርኩለት”። ሰውየው ማፈር ሲገባው ስለማያፍር፣ እፍረቱ ለተመልካቹ ይተርፋል። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ከሥራ ሲባረር፣ ያ ሁሉ ጉራ ተኖ እንዳያባርሩት ይለምናል። ሁለት ምዕራፍና አንድ የገና ልዩ ዝግጅት፤ በጠቅላላው 14 ክፍል።

አሜሪካኖቹ በ2005 ሥራውን ወስደው በፔንስልቬንያዋ ስክራንተን ተከሉት። የመጀመሪያው ክፍል ከእንግሊዙ ጽሑፍ ከሞላ ጎደል የተቀዳ ነበር። ተመልካች ግን አልጎረፈለትም። ስድስት ክፍል ብቻ ከነበረው ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ግሬግ ዳንኤልስ የሚመራው ቡድን አለቃውን ማይክል ስኮትን ጠገነው። በስቲቭ ካሬል የሚተወነው ይህ ሰው አሁንም ሞኝ ነው፣ አሁንም አፉን ይስታል። ነገር ግን ሽያጭ ላይ ጎበዝ ሆነ፤ ጥፋቱም ከክፋት ሳይሆን ሰው እንዲወደው ካለው ረሀብ የመጣ መሆኑ ታየ። የጸጉሩ አበጣጠር ሳይቀር ተለወጠ። ያን ጊዜ ተመልካቹ መጣ። ማይክል በሰባተኛው ምዕራፍ ከቢሮው ሲሰናበት የሚሄደው ተባሮ አይደለም፤ የሚወዳትን ሴት ሊያገባ ነው። ፕሮግራሙም እስከ 2013 ዘልቆ 201 ክፍል ሞላ።

ይህን “አሜሪካኖች ጣፋጭ መጨረሻ ይወዳሉ” ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሒሳቡን አያለሁ። ለ14 ክፍል የማንወደውን ሰው ልንታገሥ እንችላለን፤ እንደ መጥፎ እንግዳ፣ እንደሚሄድ እናውቃለንና። ለ201 ክፍል ግን ያ ሰው የቤት ልጅ ነው። የቤት ልጅ ደግሞ የሚወደድ አንድ ነገር ሊኖረው ግድ ይላል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል የሚለውን ክርክር ለሚወዱት እተዋለሁ። እኔ ለመሳቅ የአሜሪካውን እከፍታለሁ፤ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የእንግሊዙ ነው።

እንግሊዞች በተሸናፊ ላይ መሳቅ ለምን ይወዳሉ?

እዚህ ላይ ሒሳቡ ብቻ አይበቃም፤ መደብ የሚባለው ነገር ይገባል። በእንግሊዝ ሰው አፉን ሲከፍት ከየትኛው ቤት እንደመጣ፣ የት እንደተማረ ይታወቃል። ብዙው የእንግሊዝ ኮሜዲ የሚፈልቀው ከዚህ አጥር ላይ ለመዝለል ሞክሮ ከሚወድቅ ሰው ነው። በ“ዳድስ አርሚ” ሻምበሉ በሲቪል ሕይወቱ የትንሽ ከተማ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው። ከሥሩ ያለው ሃምሳ አለቃ በባንክም በጦርም የበታቹ ሆኖ ሳለ በትውልድና በትምህርት ቤት ይበልጠዋል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተሳቀው በዚህ ነው።

በ1962 የጀመረው “ስቴፕቶ ኤንድ ሰን” ደግሞ የሁለት ቁራሌዎች፣ የአባትና የልጅ ታሪክ ነው። ልጁ ከጋሪውና ከውራጅ ዕቃው ተላቆ የተሻለ ሰው መሆን ይመኛል፤ ግን ከአባቱ ቤት መውጣት አይችልም። በአማርኛ ብነግራችሁ አሳዛኝ ድራማ ይመስላችኋል።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ግን የደቡብ ለንደኑ ነጋዴ ዴል ቦይ ነው። “ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ” በተባለው ኮሜዲ ውስጥ ከወንድሙ ጋር እየተሯሯጠ “በሚመጣው ዓመት ሚሊየነር እንሆናለን” ይላል። በአንድ ዝነኛ ትዕይንት የሀብታም ወጣቶችን ልብስ ለብሶ ባር ውስጥ በኩራት ሊደገፍ ሲል፣ አስተናጋጁ የባንኮኒውን መዝጊያ አንሥቶት ኖሮ፣ እንደቆመ በጎኑ ይወድቃል። ሳቁ በመውደቁ አይደለም፤ ሊመስል የፈለገውን ሰው በመሰለባት ቅጽበት በመውደቁ ነው። በታኅሣሥ 1996 ወንድማማቾቹ በመጨረሻ ሚሊየነር ሲሆኑ 24.3 ሚሊዮን ሰው ተመለከታቸው። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን በ2001 ተመልሰው ሲመጡ ገንዘቡን ሁሉ አጥተው ነበር። የእንግሊዝ ኮሜዲ ሀብታም ዴል ቦይን ምን ያደርገዋል?

የአሜሪካ ሲትኮም መነሻ ሌላ ነው። ሰው ሊሻሻል፣ ሊነሣ፣ ከስሕተቱ ሊማር ይችላል ብሎ ያምናል፤ ቢያንስ እስከ ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ድረስ። ሁለቱ እምነቶች ሲጋጩ ማየት የሚፈልግ የፕሪሚየር ሊግ ወዳጅ “ቴድ ላሶ”ን ይመልከት። ስለ እግር ኳስ ምንም የማያውቅ አሜሪካዊ አሠልጣኝ የለንደን ክለብ ይረከባል፤ በተስፋ የተሞላ ሰው ተስፋ መቁረጥን እንደ ጨዋነት በሚያይ ሕዝብ መካከል ይወድቃል። ገጸ ባሕርይው የተፈጠረው የአሜሪካው ጣቢያ ኤንቢሲ በ2013 የፕሪሚየር ሊግ ስርጭቱን ለማስተዋወቅ ለሠራው ማስታወቂያ ነበር። ተከታታይ ኮሜዲው በ2020 በአፕል ገንዘብ ተሠራ። ያሸነፈው ማን እንደሆነ ከገንዘቡ ምንጭ መገመት ይቻላል፤ አሜሪካዊው ነው።

የእንግሊዝ ምጸት ሰምና ወርቅ ነው?

ምጸት ማለት የተባለውና የተፈለገው ተቃራኒ ሲሆን ነው። የእኛ ሰው ስለ እንግሊዝ ምጸት ሲሰማ ቶሎ የሚመጣለት ሰምና ወርቅ ነው፤ እኔም እንዲያ እያልሁ አስረዳ ነበር። አሁን ግን ልክ አይመስለኝም። በሰምና ወርቅ አድማጩ ወርቁን እንዲያገኝ ይጠበቃል፤ ሲያገኘውም ባለቅኔው ይመሰገናል። እንግሊዛዊው ግን ቤቱ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ሳለ “ትንሽ እርጥበት አለ” ሲል ፊቱን አይፈታም፤ ቀልድ ነው ብሎም አያውጅም። ያልገባው ሳይገባው ይቀራል፤ ያልገባው ሰው መኖሩም የቀልዱ ክፍል ነው። ይህ ለአሽሙር ይቀርባል። እናቶቻችን ምሳው ቀዝቅዞ ከሰዓት በኋላ ለደረሰ እንግዳ “ምነው እንዲህ ቸኮልክ?” ሲሉ የሚያደርጉት ያንኑ ነው።

አሜሪካኖች ምጸት አይገባቸውም የሚባለው ግን ተረት ነው። “ሳይንፌልድ” ገና በ1990ዎቹ መተቃቀፍና ትምህርት መቅሰም የሌለበት ኮሜዲ እንዲሆን ተወስኖ የተሠራ ነው። አሜሪካም የቁራሌዎቹን ታሪክ ወስዳ በ1972 “ሳንፎርድ ኤንድ ሰን” ብላ በሎስ አንጀለስ ጥቁር አባትና ልጅ ስትሠራው ምጸቱን አልጣለችውም። ልዩነቱ አሜሪካዊው አብዛኛውን ጊዜ እንደሚቀልድ የሚያሳይ ምልክት መስጠቱ ነው።

ዛሬ የእንግሊዝ ኮሜዲ ምን ላይ ነው?

ሁለት ተቃራኒ ዜናዎች በአንድ ላይ እውነት ናቸው። በ2024 የገና ቀን “ጋቪን ኤንድ ስቴሲ” የመሰናበቻ ክፍሉን ሲያቀርብ በዚያችው ሌሊት ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። በ2019 ደግሞ የፊቢ ዋለር ብሪጅ “ፍሊባግ”፣ በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ያለው ሥራ፣ አሜሪካኖቹን በራሳቸው የኤሚ ሽልማት ላይ አሸንፎ የዓመቱ ምርጥ ኮሜዲ ተባለ። ይህን ያየ ሰው ዘርፉ አምሮበታል ይላል። ነገር ግን ተጽፎ የሚተወን አዲስ ኮሜዲ በዋና ዋናዎቹ የእንግሊዝ ጣቢያዎች ላይ እያነሰ ነው።

ምክንያቱ በአብዛኛው ገንዘብ ነው። የፈቃድ ክፍያው ለሁለት ዓመት፣ ከ2022 እስከ 2024፣ በ159 ፓውንድ ተቆልፎ ቆየ። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ የዋጋ ንረት በጥቅምት 2022 እስከ 11.1 በመቶ ደርሶ ነበር። ገቢው እንደቆመ የመብራቱ፣ የካሜራው፣ የተዋናዩ ዋጋ ሮጠ። የግድያ ምርመራ ድራማ ለውጭ አገር ሊሸጥ ይችላል፤ በአንድ የዌልስ ሰፈር አነጋገር ላይ የተመሠረተ ቀልድ ግን ድንበር ሲሻገር ይደርቃል። ትልልቅ ድራማዎችን የሚደግፈው የግብር ማበረታቻም በሰዓት ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ለሚያስወጡ ሥራዎች ስለሆነ፣ አብዛኛው ኮሜዲ ለእርዳታው ድሃ ሆኖ ይቀራል። ለእርዳታ ድሃ መሆን እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስቡት፤ ይህ ራሱ የእንግሊዝ ቀልድ ነው።

ክፍተቱን የሚሞሉት ርካሽ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ኮሜዲያኖች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሳምንቱን ዜና የሚያላግጡበት ዓይነት። ርካሽ ናቸው ማለት ግን መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ከ1990 ጀምሮ በሚተላለፈው “ሃቭ አይ ጎት ኒውስ ፎር ዩ” ላይ ፖለቲከኛው ሮይ ሃተርስሊ በ1993 እመጣለሁ ብሎ ሲቀር፣ አዘጋጆቹ በወንበሩ ላይ አንድ ሣጥን የአሳማ ስብ አስቀምጠው ፕሮግራሙን ቀጠሉ። ስቡም እንደ እንግዳ ተቆጥሮ ተወዳደረ። በ2024 ሲኤንኤን የዚህን ፕሮግራም የአሜሪካ ቅጂ ጀምሯል።

ሌላው ገንዘብ የሚመጣው ከኔትፍሊክስና ከመሰሎቹ ነው። እዚህ ላይ ዋጋ ይከፈላል። በ2019 የወጣው የኔትፍሊክሱ “ሴክስ ኤጁኬሽን” በዌልስ የተቀረጸ፣ እንግሊዞች የተወኑበት ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ከልብስ መቆለፊያ ሣጥኑ እስከ ጃኬቱ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ይመስላል። ሥራው ለዓለም እንዲሸጥ ሲታሰብ መደቡ፣ ሰፈሩና አነጋገሩ መጀመሪያ ይለሰልሳሉ።

አሜሪካስ ደህና ናት?

ብዙም አይደለችም። የለመደችው የ22 ክፍል ሲትኮም እየተመናመነ ነው፤ በፊላደልፊያ ትምህርት ቤት የሚካሄደው “አቦት ኤለመንታሪ” ከጥቂቶቹ ቀሪዎች አንዱ ነው። ቦታውን ስምንት ወይም አሥር ክፍል ያላቸው ግማሽ ሳቅ፣ ግማሽ እንባ ሥራዎች ይዘውታል። “ዘ ቤር” የተባለው የሬስቶራንት ታሪክ የኤሚ ምርጥ ኮሜዲ ሲባል፣ “የቱ ጋ ነው ኮሜዲው?” ያሉ ብዙዎች ነበሩ። የደራሲያኑ ጠረጴዛም ጠቧል። ጸሐፊዎቹ በ2023 ለ148 ቀናት ሥራ ሲያቆሙ ካነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ በአንድ ሥራ ላይ የሚቀጠረው ጸሐፊ ዝቅተኛ ቁጥር እንዲወሰን ነበር። የአሜሪካ ርስት የነበረው የምሽቱ የወግና የቀልድ ፕሮግራምም ተናግቷል። ሲቢኤስ በ2025 የስቲቨን ኮልበርትን ፕሮግራም በገንዘብ ምክንያት እንደሚዘጋ አስታወቀ። ውሳኔው የተሰማው ኮልበርት የጣቢያው ባለቤት ኩባንያ ለዶናልድ ትራምፕ ሊከፍል የተስማማውን 16 ሚሊዮን ዶላር በተቸ በቀናት ውስጥ ስለነበር፣ ምክንያቱን ያልተቀበሉት ብዙ ናቸው።

ታዲያ ማን ማንን እየመሰለ ነው?

ሁለቱም እየተቀራረቡ ነው፤ ግን በተቃራኒ መንገድ። አሜሪካ ከእንግሊዝ የወሰደችው አጭሩን ምዕራፍና የማይወደደውን ሰው ነው። በኒውዮርክ ባለጸጎች መካከል የሚካሄደው “ሰክሴሽን” የተፈጠረው እንግሊዛዊው ጄሲ አርምስትሮንግ በለንደን “ፒፕ ሾው” በተባለ ኮሜዲ ላይ እፍረትን ለዓመታት ሲለማመድ ከቆየ በኋላ ነው። የዋሽንግተንን ፖለቲካ የሚያላግጠው “ቪፕ”ም የስኮትላንዳዊው አርማንዶ ያኑቺ ፈጠራ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከአሜሪካ ገንዘቡንና ቅርጹን ትበደራለች። የእንግሊዙ ጣቢያ ስካይ ከ1975 ጀምሮ በኒውዮርክ በቀጥታ የሚተላለፈውን የቀልድ ፕሮግራም “ሳተርዴይ ናይት ላይቭ” ለእንግሊዝ ሊሠራ መሆኑን ያስታወቀው በ2025 ነበር።

የአሠራሩ ልዩነት ግን አልጠፋም። በ2019 ስድስት ጓደኛሞች የሆኑ እንግሊዛውያን ጸሐፊና ተዋናዮች “ጎስትስ” የተባለ ኮሜዲ ጀመሩ። አንዲት ወጣት የወረሰችው አሮጌ ቤት በየዘመኑ በሞቱ መናፍስት የተሞላ ነው። በአምስት ምዕራፍ 34 ክፍል ሠሩና በ2023፣ ተመልካቹ ገና እየወደዳቸው፣ ይበቃናል አሉ። ሲቢኤስ የራሱን ቅጂ የጀመረው በ2021 ነው፤ በአራት ምዕራፍ ከ70 ክፍል አልፎ ቀጥሏል። ቢቢሲም የአሜሪካውን ቅጂ ገዝቶ ለእንግሊዝ ተመልካች አሳየው።